ከመድኃኒት ቤቱ መስኮት፦ «አሥር ቀን ዋጥኩት፣ ለውጥ የለም»

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ሐኪም ስለሚያዛቸው የድብርት መድኃኒቶች ናቸው። ሦስቱን መርጫለሁ። ለመጀመሪያዋ ጠያቂ የሰጠሁት መልስ ረዘም ይላል። የሷ ጥያቄ መስኮቴ ላይ በየሳምንቱ የምሰማው ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 23 ዓመቴ ነው። ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ እንቅልፍም ምግብም እምቢ ሲለኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ድብርት ነው አለኝና ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊግራም ጠዋት ጠዋት አንድ አዘዘልኝ። ይኸው አሥር ቀን ዋጥኩት፣ ለውጥ የለም። ያቅለሸልሸኛል፣ ሌሊት ዓይኔ ፍጥጥ ብሎ ያድራል፣ ያቁነጠንጠኛል። እናቴ «የእብድ መድኃኒት ነው፣ ሱስ ይሆንብሻል፣ ተይውና ጸበል እንሂድ» ትለኛለች። ጾሙም ገብቷል፤ እስከ 9 ሰዓት የምጾም ከሆነ እንዴት ልውሰደው? ወገቤን ሲያመኝም ማስታገሻ እወስዳለሁ። ላቁመው? (ሀ.፣ ከጎፋ)

መልስ፦ ሀ. እህቴ፣ አታቁሚው። ማቆም ካለብሽም ከሐኪምሽ ጋር ተነጋግረሽ ነው።

አሥር ቀን ለዚህ መድኃኒት ገና ነው። ፍሉኦክሰቲንም ሆነ ዘመዱ ሰርትራሊን አንድ ክፉ ጸባይ አላቸው። ጉዳታቸው ቀድሞ ይመጣል፣ ጥቅማቸው ዘግይቶ። ማቅለሽለሹና ራስ ምታቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጀምርና አብዛኛው ሰው ላይ በሁለት ሦስት ሳምንት ይበርዳል። ለውጡ ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። በደንብ ለማየት ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት። «አልሠራልኝም» ብሎ ክኒኑን ሊመልስልኝ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንቺ ያለሽበት ቦታ ላይ ነው። በጣም ያናድደኛል። ከባዱን ክፍል ችሎ፣ ጥቅሙ ሊመጣ ሲል ይተወዋል።

ስሜትሽ ከመስተካከሉ በፊት ትንንሽ ነገር ሊለወጥ ይችላል። ሳህኑ ላይ የምታስተርፊው እንጀራ ይቀንሳል። ሳትቀሰቀሺ ትነሻለሽ። የጓደኛሽን ስልክ ታነሻለሽ። ይህን ቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ አብሮሽ የሚኖረው ሰው ነው። እናትሽን ጠይቂያት።

መቁነጥነጡን ግን በቀላሉ አላልፈውም። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ሲጀመሩና መጠናቸው ሲለወጥ፣ በወጣቶች ላይ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊጨምር ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በአውሮፓውያኑ 2004 ለልጆችና ለታዳጊዎች ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዘዘ። በ2007 ደግሞ እስከ 24 ዓመት ላሉት አሰፋው። አንቺ እዚያ ውስጥ ነሽ። ይህ ማለት መድኃኒቱን ፍሪ ማለት አይደለም፤ ሳይታከም የቀረ ድብርትም ይገድላል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ብቻሽን አትሁኚ ማለት ነው። መቁነጥነጡ መቀመጥ እስኪያቅትሽ ከደረሰ ወይም «ሞቼ ባረፍኩት» የሚል ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮሽን አትጠብቂ። በዚያው ቀን ለሐኪምሽ ንገሪ። ካላገኘሽው በአቅራቢያሽ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

እንቅልፍ አለመተኛትም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አንቺ የጻፍሽው፣ ደክሞሽ አለመተኛት ነው። ሌላው ሳትተኚ አድረሽ ጉልበትሽ የሚትረፈረፍበት፣ ወሬሽ የሚፈጥንበት፣ ገንዘብሽን የምትበትኚበት ነው። ይህኛው ሕመሙ ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት አንዴ በጣም የሚወርድበት፣ አንዴ ከልክ በላይ የሚወጣበት ሕመም፣ ሊሆን እንደሚችል ምልክት ነው። የድብርት መድኃኒት ብቻውን ያባብሰዋልና ወዲያው ሐኪም ማየት አለበት።

አሁን ወደ እናትሽ። ሱስ የሚባለው ነገር አምሮት አለው፣ መጠኑን ጨምር ጨምር ያሰኛል። ፍሉኦክሰቲን ይህ የለውም። በድንገት ሲቋረጥ ግን ሰውነት ይቆጣል። ማዞር፣ ብስጭት፣ ቅዠት የበዛበት እንቅልፍ፣ አንዳንዱን ደግሞ ጭንቅላቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደነዘረው ያለ ስሜት። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ በዚህ በኩል ገር ነው። ፓሮክሰቲንና ቬንላፋክሲን የሚባሉት ሌሎች የድብርት መድኃኒቶች ይብሳሉ። ስለዚህ የሚቆመው መጠኑ እየተቀነሰ ነው፣ ያውም ድነሽ ቢያንስ 6 ወር ከቆየሽ በኋላ። «አሁንማ ደህና ነኝ» ብሎ መተው ሕመሙን መልሶ ይጠራል።

ጸበሉንም ሂጂ። ማን ከለከለሽ? ክኒንሽን ይዘሽ ሂጂ ነው የምልሽ። በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት እያቋረጡ ጸበል የሚገቡ ሰዎች በበዙበት ጊዜ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒትና ጸበል እንደማይቃረኑ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ያን ለእናትሽ አስታውሻት። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጸበል ላይ ብዙ ሊትር በአንዴ የሚጠጣ ሰው አለ። ፍሉኦክሰቲን በአንዳንድ ሰው ደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም (ጨው) ዝቅ ያደርጋል፤ የውኃ ብዛት ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መወላገድ፣ ሲከፋም መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ያመጣል። ስለዚህ በመጠኑ ጠጪ። ክኒኑን ውጠሽ ወዲያው የሚያስመልስሽ ከሆነም መድኃኒቱ አብሮ ይወጣልና ሰዓታቸውን አራርቂ።

ጾሙ ቀላሉ ነው። ፍሉኦክሰቲን በቀን አንዴ የሚወሰድ ነው፣ ሰውነት ውስጥም ለቀናት ይቆያል። ከጠዋት ወደ 9 ሰዓት ብታዛውሪው የሚጎድልብሽ የለም። ስታፈጥሪ ከምግቡ ጋር ዋጪው፤ ማቅለሽለሹንም ይቀንስልሻል። ሽሮ ሆነ ምስር ለሱ ልዩነት የለውም። ረመዳን ለሚጾሙም ያው ነው፣ በኢፍጣር ወይም በሱሁር። ሰዓቱ መዞሩ እንቅልፍ ማጣትሽን ካባሰው፣ ወይም ምግብ እምቢ ብሎሽ ክብደትሽ እየወረደ ከሆነ፣ የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ለታመመ ሰው መላ አያጡም።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ ግን መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሻት ማስታገሻ ናት። ስሟን እንኳ አልጻፍሽም።

በቅርቡ አንድ ጎልማሳ የሰርትራሊን ማዘዣ ይዞ መጣ። ሌላ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቅኩት። «ኧረ ምንም» አለ። «ማስታገሻስ?» ስለው «እሱማ መድኃኒት ነው እንዴ!» ብሎ ሳቀ። ከኮቱ ኪስ የተጣጠፈ የክኒን ስትሪፕ አወጣልኝ። ሦስት ፍሬ ቀርቶታል። ትራማዶል ነበር፣ ጎረቤት የሰጠው።

ትራማዶልና እነዚህ መድኃኒቶች አብረው ሲሄዱ ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ላብ ያጠልቃል፣ እጅ እግር ይንቀጠቀጣል፣ ጡንቻ ይገተራል፣ ልብ ይሮጣል፣ ትኩሳትና ተቅማጥ ይመጣል፣ ሰውየው ይቀባዥራል። ይህ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው፣ ቤት ውስጥ ዳማከሴ የሚጨመቅለት አይደለም። እንደ ሚጥል በሽታ ጥሎ የማንቀጥቀጥ አደጋም አለው። የአንቺ ፍሉኦክሰቲን ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨምራል። ትራማዶል ሕመም የሚያስታግሰው ጉበት ሲለውጠው ነው፤ ፍሉኦክሰቲን ያንን ለውጥ ያግዳል። ሰውየው «አላስታገሰልኝም» ብሎ ሁለተኛ ይደግማል፣ አደጋውም ይደገማል።

ያንቺ ማስታገሻ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ከሆነ ደግሞ ከፍሉኦክሰቲን ጋር ሲሆን ጉዳዩ የጨጓራ መድማት ነው፤ በተለይ ጨጓራሽን የሚያምሽ ከሆነ። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወደ ሆስፒታል። ለወገብሽ በመጠኑ ፓራሲታሞል ይሻልሻል። ለደረቅ ሳል ከሚሸጡ ሽሮፖች አንዳንዶቹ ዴክስትሮሜቶርፋን አላቸው፤ እሱም እንደ ትራማዶል ሴሮቶኒንን ከልክ ሊያሳልፍ ይችላልና ሳትጠይቂ አትግዢ። ጫት ካለም ተይው፤ የጠፋውን እንቅልፍሽን ጭራሽ ያጠፋዋል። አረቄና ጠጅም እንደዚሁ።

ምክሬ ይህ ነው። ቤት ያለውን ክኒን ሁሉ፣ የጎረቤቱንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል አድርገሽ ለሐኪሙ ዘርግፊለት። ስም መያዝ አይጠበቅብሽም።

አንድ ቀን ከረሳሽ ስታስታውሺ ዋጪው። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ዝለይው፤ ሁለት አንድ ላይ አይዋጥም። ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረውም ፋርማሲ ሂጂ። በዓል ዋዜማ ላይ «የለም» ስንልሽ ሁላችንም እንጨነቃለን።

ጥያቄ፦ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፣ 52 ዓመቴ። ስኳር አለብኝ። እግሬን ስለሚያቃጥለኝ ለነርቭ ብለው አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም ማታ ማታ ሰጡኝ። ልጄ ወረቀቱን ስታነበው የድብርት መድኃኒት ነው አለችኝ። እኔ ድብርት የለብኝም። ተሳስተው ይሆን? ጠዋትም ያደነዝዘኛል፣ አፌ ይደርቃል። (ከአዳማ)

መልስ፦ አልተሳሳቱም። አሚትሪፕቲሊን የቆየ የድብርት መድኃኒት ነው። በትንሽ መጠን የነርቭ ሕመም እንደሚያስታግስ ስለታወቀ ለስኳር ሕሙማን እግር በብዛት ይታዘዛል። ለድብርት ሲሆን መጠኑ ከርስዎ በብዙ ይበልጣል።

የኔ ጭንቀት መሪው ነው። ጠዋት ደንዝዘው የሞጆን መንገድ እንዳይነዱ። ክኒኑን ሊተኙ ሲሉ ሳይሆን ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ይውሰዱትና ድንዛዜው ይቀንስ እንደሆነ ይዩት። ካልቀነሰ ሐኪሙ በ10 ሚሊግራም ሊያስጀምርዎ ይችላል። እስኪለይለት መኪናውን ሌላ ሰው ይያዘው። መጠጥ ከሱ ጋር ፈጽሞ አይሄድም። ሽንት እምቢ ካለዎት፣ ልብዎ ዝም ብሎ የሚመታ ከሆነ ወይም የዓይን ግፊት ካለብዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ይንገሯቸው። መንገድ ላይ ወባ ይዞዎት ኮአርተም ሊሰጡዎት ሲሉም አሚትሪፕቲሊን እንደሚወስዱ ይናገሩ፤ ሁለቱም የልብን ምት ሊነኩ ይችላሉ።

ክኒኑን ደግሞ ይቆልፉበት። ኮመዲኖ ላይ አይቀመጥም። አሚትሪፕቲሊን በብዛት ሲዋጥ ልብን ያቆማል፣ ለሕፃን ጥቂት ፍሬ ይበቃዋል። ጎረቤት እግሬን ያቃጥለኛል ቢልዎም አያካፍሉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሰርትራሊን 100 ሚሊግራም ከጀመርኩ ወዲህ ሰው ሆኛለሁ። አባቴ ከሞተ አምስት ወር ሆነ፣ እናቴ ደሴ ናት፣ 68 ዓመቷ ነው። አትበላም፣ ከቤት አትወጣም። የደም ግፊት ክኒን ትወስዳለች። በሚመጣ ሰው ሁለት ብልቃጥ ልላክላት? (ኤ.)

መልስ፦ አትላክ፣ ወንድሜ። ልብህ ጥሩ ነው፣ ግን አትላክ።

ያንተ 100 የደረስክበት መጠን ነው። የሚጀመረው በ25 ወይም በ50 ነው፣ በሷ ዕድሜ ደግሞ ቀስ እየተባለ። የግፊት ክኒኗ ሽንት የሚያሸና ዓይነት ከሆነ፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለሀ. የጻፍኩት የሶዲየም ነገር በሷ ላይ ይበረታል። ግራ ተጋብታ ብትወድቅና ዳሌዋ ቢሰበር «አረጀች» ይባላል እንጂ ክኒኑን የሚጠረጥር የለም። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ብልቃጥ ማን ያነብላታል? ሲያልቅስ? የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ልታቋርጠው ነው።

ደግሞ ሐዘን ሁሉ ድብርት አይደለም። ባሏን የቀበረች ሴት በአምስት ወር ብታለቅስ ወጉ ነው። አለመብላቷና ከቤት አለመውጣቷ ግን መታየት አለበት። የታይሮይድ ወይም የደም ማነስ ችግርም እንዲህ ያደርጋል፣ በምርመራ ይለያል። ለብልቃጡ ያሰብከውን ገንዘብ ለምርመራና አብሯት ለሚሄድ ሰው አውለው። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። የግፊት ክኒኗን ይዛ ትሂድ። መድኃኒት ከታዘዘላት እዚያው ከተማ ሳይቋረጥ የሚገኘውን እንዲያዙላት አብሯት የሚሄደው ሰው ይጠይቅ።

«እሺ፣ ከተፈጥሮ የተሠራውን ልላክ» እንዳትለኝ ደግሞ። ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ዎርት ከብዙ መድኃኒት ጋር ይጣላል፤ ካንተ ሰርትራሊን ጋርም ጭምር።

ራስህ ልትጠይቃት ከመጣህ የራስህን ክኒን በስምህ በተለጠፈበት ብልቃጥ፣ ከቆይታህ ሁለት ሳምንት አስበልጠህ ያዝ። በእጅ ሻንጣህ ይሁን፤ የተጫነው ሻንጣ ቢዘገይ ክኒንህ አብሮ አይዘገይም። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የምትወስድ ከሆነ በደረስክ ማግስት በአዲስ አበባ ሰዓት ቀጥል። የጥቂት ሰዓት መዛነፍ ችግር የለውም።