ስለ ፔሩ ታላላቅ ሰዎች፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ፔሩ ሰዎችና ለዓለም ስላበረከቱት ነገር የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፔሩ ሲባል ከማቹ ፒቹ ሌላ የማውቀው የለም። አንድ ሰው ብቻ ልወቅ ብል ማንን ትመርጥልኛለህ?

መልስ፦ ዳንኤል አልሲዴስ ካሪዮንን። በ1857 ሴሮ ደ ፓስኮ በምትባል፣ ከ4300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት የማዕድን ከተማ ተወለደ። ሊማ ላይ ሕክምና በሚማርበት ጊዜ ሐኪሞችን የሚያከራክሩ ሁለት በሽታዎች ነበሩ። አንዱ በ1870ዎቹ ከሊማ ወደ ላ ኦሮያ የሚወጣውን የባቡር ሐዲድ ይዘረጉ የነበሩ ሠራተኞችን የፈጀው ትኩሳት ነው። ሌላው ቆዳ ላይ ደም የቋጠረ ኪንታሮት የሚያወጣ፣ ብዙም የማይገድል በሽታ ነው። ሁለት በሽታ ናቸው ወይስ የአንዱ ሁለት መልክ? ካሪዮን ኦገስት 27 ቀን 1885 ዶስ ደ ማዮ ሆስፒታል ውስጥ ከአንድ ታማሚ ኪንታሮት የተወሰደ ፈሳሽ ክንዱ ላይ አስከተበ። ሦስት ሳምንት ምንም አልተሰማውም። በ21ኛው ቀን ሕመሙ ጀመረው። ምልክቶቹን ራሱ ይመዘግብ ነበር፤ እጁ ሲዝል ጓደኞቹ ጻፉለት። ኦክቶበር 5 ቀን በ28 ዓመቱ አረፈ። የኪንታሮቱ ፈሳሽ ትኩሳቱን ካመጣ በሽታው አንድ ነው ማለት ነው፤ አንዳንዶች ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ተከራክረዋል። ፔሩ ያንን ቀን እስከ ዛሬ የሕክምና ቀን አድርጋ ታከብረዋለች።

ጥያቄ፦ በሽታው ምን ሆኖ ነው የሚገድለው? ዛሬስ መድኃኒት አለው?

መልስ፦ ተህዋሲያኑ ቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ገብተው ያፈርሷቸዋል፤ ስለዚህ ታማሚው በጥቂት ቀናት ውስጥ ለከባድ የደም ማነስ ይዳረጋል። ተህዋሲያኑን ለይቶ ያወቀው ሌላ የፔሩ ሐኪም አልቤርቶ ባርተን ነው፤ ግኝቱን በ1909 አሳወቀ፣ ስማቸውም ባርቶኔላ የተባለው በእሱ ነው። አሁን በፀረ ተህዋሲያን መድኃኒት ይድናል፤ አደጋው ሰው ዘግይቶ ሲመጣ ነው። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው። እዚህ ላይ ለመተማና ለሑመራ ሰዎች የሚጠቅም ነገር አለ፦ ካላዛርን የሚያስተላልፈውም የዚሁ ዝንብ ዘመድ ነው፤ በሽታው ግን ሌላ ነው። ይህ ነፍሳት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በተራ አጎበር ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል። ቀዳዳው የጠበበ ወይም መድኃኒት የተነከረ አጎበር ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ደጋ የሚኖር ሰው ደሙ ይወፍራል ሲባል እሰማለሁ። ይህንንም ያጠኑት ፔሩዎች ናቸው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄም ይሄ ነው። ዶክተር ካርሎስ ሞንጌ ሜድራኖ በ1925 የሴሮ ደ ፓስኮ ነዋሪ የሆነን ታማሚ ጉዳይ ሊማ ለሚገኘው የሕክምና አካዳሚ አቀረቡ። ሰውየው ከፍታ ላይ ዕድሜውን የኖረ ቢሆንም ከፍታው ጠልቶታል፦ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ የለውም፣ ጆሮው ይጮኻል። ዛሬ በሽታው የሞንጌ በሽታ ይባላል።

አመጣጡ እንዲህ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ኦክስጅን ለማጠራቀም ቀይ የደም ሴል ያበዛል። ይህ በልኩ ሲሆን ይጠቅማል። ልኩን ሲያልፍ ግን ደሙ ይወፍራል፣ ዝውውሩ ይዘገያል፣ የልብ ቀኝ ጎን ከአቅሙ በላይ ይገፋል። ሐኪሞች እንደ መለያ የሚወስዱት ሄሞግሎቢን በወንድ 21፣ በሴት 19 ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ መሆኑን ነው። ደም መቅዳት ለጊዜው ያቀልላል፤ ነገር ግን ሰውየው እዚያው ከቆየ ደሙ ተመልሶ ይወፍራል። ሁነኛው መፍትሔ ወደ ቆላ መውረድ ነው፤ ማዕድን አውጪው ግን እንጀራው ያለው እዚያው ላይ ነው።

ይህን ተራራ ላይ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ከሚመጣው የራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ጋር አታምታቱት። ያኛው ለከፍታ እንግዳ የሆነን ሰው ይይዛል፤ የሞንጌ በሽታ ነባሩን ነዋሪ ነው።

የእኛ አገር ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም ለክቶ የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9 ሆኖ አገኘው። ይህ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖር ሰው አይለይም። የአንዲስ ሰው አካል ከፍታን የተቋቋመው ደም በማብዛት ሲሆን፣ የእኛ ደገኛ በሌላ መንገድ ተላምዶታል።

ጥያቄ፦ ቫርጋስ ዮሳን እንዴት ዘለልኸው?

መልስ፦ አልዘለልሁትም፤ አልተጠየቅሁም። አሬኪፓ ተወልዶ በ2010 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማትን አግኝቷል፤ በ1990 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በፉጂሞሪ ተሸነፈ፤ በኤፕሪል 2025 ሊማ ውስጥ አረፈ። ግጥም የምትወድ ከሆነ ግን ከሴሳር ቫዬሆ ጀምር። የእስፓንኛን ሰዋስው ሰባብሮ ሐዘንን የጻፈ ገጣሚ ነው፤ በእኔ ሚዛን ከሁሉም ይቀድማል።

ጥያቄ፦ በ77ቱ (በእኛ አቆጣጠር) ድርቅ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ፔሩዊ ነበሩ?

መልስ፦ አዎ፣ ሃቪዬር ፔሬስ ደ ኩዬር። ከ1982 እስከ 1991 መርተዋል። በ1984 መጨረሻ የአፍሪካን የድንገተኛ ዕርዳታ የሚያስተባብር ጽሕፈት ቤት አቋቋሙ። ዋናው ሥራው የተለያዩ ድርጅቶች የሚልኩት እህል ወደብ ላይ እንዳይጋጭና አንዱ ቦታ ተትረፍርፎ ሌላው ባዶ እንዳይቀር ማቀናጀት ነበር። የኢራንና የኢራቅ ጦርነት በ1988 ተኩስ አቁም ላይ የደረሰው በእሳቸው ዘመን ነው። የኤል ሳልቫዶር ስምምነት ደግሞ የሥራ ዘመናቸው በሚያልቅበት ሌሊት፣ ዲሴምበር 31 ቀን 1991 ተቋጨ። በ2020 በ100 ዓመታቸው አርፈዋል።

ጥያቄ፦ ሮኬትን የፈጠረው ፔድሮ ፓውሌት ነው የሚል ቪዲዮ አየሁ።

መልስ፦ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፓውሌት በ1890ዎቹ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ሞተር ሠርቼ ነበር ብሎ በ1927 ሊማ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ጻፈ። ማስረጃው የራሱ ቃል ነው፤ በጊዜው የታተመ ሥዕል ወይም የዓይን ምስክር አልተገኘም። ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ "ፈጠረ" ለማለት ግን አያበቃም።

ጥያቄ፦ የምንቀመጥበት ከበሮ፣ ካሆን፣ የእስፓንያ አይደለም እንዴ? ቤት ውስጥ መሥራትስ ይቻላል?

መልስ፦ የፔሩ ነው። በፔሩ የባሕር ጠረፍ ለባርነት የተጋዙ የአፍሪካ ልጆች ከሣጥን የፈጠሩት መሣሪያ ነው። እስፓንያ የደረሰው በ1977 ነው፦ ጊታሪስቱ ፓኮ ደ ሉሲያ ሊማ ውስጥ ካይትሮ ሶቶ ሲመታው ሰማ፣ ወደደው፣ ይዞት ሄደ። ካይትሮ የታላቋ ዘፋኝ የቻቡካ ግራንዳ አጃቢ ነበር። እስፓንያዎች በኋላ ከፊት ለፊቱ ገጽ ጀርባ ክር ጨመሩበት፤ የሚንቀጫቀጨው ድምፅ የነሱ ነው። የፔሩው ክር የለውም፣ ድምፁ ደረቅና ጥልቅ ነው። የጥቁር ፔሩዊያንን ዘፈንና ጭፈራ ከመረሳት አውጥተው መድረክ ላይ የመለሱት ወንድምና እህት ኒኮሜዴስና ቪክቶሪያ ሳንታ ክሩስ መሆናቸውንም አስታውሱ።

ለመሥራት፦ ቁመቱ 48፣ ወርዱና ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን። ጎኖቹ፣ ላይና ታቹ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ይሁኑ። የሚመታው ፊት 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ። ጀርባው ላይ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ክብ ቀዳዳ ክፈት። ፊቱን በኮላ አትለጥፈው፣ በብሎን እሰረው፤ ሲሰነጠቅ መቀየር ይኖርብሃል።

ጥያቄ፦ ሠርቼዋለሁ፤ ግን ድምፁ ታፍኗል።

መልስ፦ ሦስት ነገር ተመልከት። የላይኛው ጥግ ብሎኖች ከጠበቁ ስለታሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ሩብ ዙር አላላቸው። ወለሉ ላይ በቀጥታ ካስቀመጥኸው ወፍራሙ ድምፅ ይሞታል፤ ከሥሩ አራት የጎማ እግር አድርግለት። ጎኖቹ የተጋጠሙበት ላይ ክፍተት ካለ ደግሞ አየሩ በዚያ ይወጣል፤ በኮላ ዝጋው። ወፍራሙን ድምፅ በመዳፍ ከላይኛው ጠርዝ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብለህ፣ ቀጭኑን በጣቶች ጫፍ ጥጉ ላይ ምታ።

ጥያቄ፦ እባክህ ስለ ሴቪቼም ንገረን። ሐዋሳ ነው ያለሁት፣ አሳ ሞልቷል።

መልስ፦ ሴቪቼ በሎሚ ጭማቂ የሚዘጋጅ ጥሬ አሳ ነው። የፔሩን ምግብ ለዓለም ያስተዋወቀው አብሳዩ ጋስቶን አኩሪዮ ነው፤ ከባለቤቱ ጋር በ1994 ሊማ ውስጥ የከፈቱት ምግብ ቤት በር ከፋች ሆነ። ሴቪቼን ዩኔስኮ በ2023 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

አሠራሩ፦ ግማሽ ኪሎ ነጭ የባሕር አሳ በ2 ሴንቲ ሜትር ቁረጪ፣ በቅድሚያ ጨው ነስንሺበት። የ10 ወይም 12 ሎሚ ጭማቂ ጨምሪ፤ የእኛዋ ትንሿ ሎሚ ከነሱ ጋር አንድ ዓይነት ናት። ሎሚውን አጥብቀሽ አትጭመቂ፣ የልጣጩ ዘይት ይመራል። ስስ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የድንብላል ቅጠል ጨምረሽ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብቻ አቆዪው። ድሮ ለሰዓታት ይቆይ ነበር፤ ጊዜውን ያሳጠሩት የጃፓን ዝርያ ያላቸው የፔሩ አብሳዮች ናቸው። ብዙ ከቆየ ሥጋው ይደርቃል፣ እንደ ጠመኔ ይሆናል። ከተቀቀለ ስኳር ድንችና በቆሎ ጋር ይቀርባል።

ለሐዋሳ ግን አደራ። ሎሚ አሳውን ያነጣዋል እንጂ ጥገኛ ትላትልን አይገድልም። የባሕሩን አሳ እንኳ አስቀድሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። የሐይቁን ቆሮሶ በጥሬው አትሞክሪው፤ በእንፋሎት አብስለሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ ከዚያ ሎሚውንና ሽንኩርቱን ጨምሪበት።