«ተገደሉባችሁ» ወይስ «ተገደሉብን»? ለሌላ አገር ሐዘን ስለሚጻፍ መልእክት

ጥያቄ፦ በአንድ የሙያ ማኅበር ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። ከእኛ ጋር አብሮ የሚሠራ የውጭ አገር ማኅበር አለ፤ አባላቱ በሚኖሩበት ከተማ የሽብር ጥቃት በደረሰ ጊዜ በማኅበራችን ስም የሐዘን መልእክት እንዳዘጋጅ ታዘዝሁና እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «በአገራችሁ በተፈጸመው አሸባሪ ጥቃት ሕይወታቸው ላለፈ ሟቾች መጽናናትን እየተመኘን፣ ሐሳባችንና ጸሎታችን ከእናንተ ጋር መሆኑን እንዲሁም ወገንተኝነታችንን ስንገልጽ ከልብ እናዝናለን።» ረቂቁን ያነበቡ አንድ ትልቅ ሰው «ልጄ፣ ቃሉ አማርኛ ነው፤ ሐዘኑ ግን አማርኛ አልሆነም» አሉኝ። ስሕተቱ የቱ ላይ ነው? አብሮነትንስ በየትኛው ቃል ብንገልጸው ይሻላል?

መልስ፦ ትልቁ ሰው የነገሩዎት እውነት ነው፤ ቃላቱን አንድ በአንድ ብንመለከታቸው ግን ሐዘኑ የት እንደ ጠፋ ማየት አያስቸግርም። ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት «ለሟቾች መጽናናትን» የሚለው ነው፤ ይህን ስሕተት በብዙ መግለጫዎች ውስጥ አገኘዋለሁ፤ ባገኘሁት ቁጥርም ያሳዝነኛል፤ መልእክቱን የሚጠብቀው ሐዘንተኛ ከዐረፍተ ነገሩ ውጭ ቀርቷልና። መጽናናት የቋሚ ድርሻ ነው። ቃሉ የተገኘው «ጸና» ከሚለው ግሥ ሲሆን፣ የተጽናና ሰው ማለት በሐዘን ከተብረከረከ በኋላ መልሶ የበረታ፣ የቆመ ሰው ማለት ነው። ይኸው ግሥ በሕዝቡ አፍ «ጠና» ሆኖ ስለሚነገር «ያጽናችሁ» የሚሉም «ያጥናችሁ» የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ሁለቱም የሚነገሩት ለቀሪው ነው። ስለዚህ «ለሟቾች ቤተሰቦች መጽናናትን እንመኛለን» ይበሉ፤ የአፍ ቋንቋውን ሙቀት ለማምጣት ከፈለጉም «ፈጣሪ ያጽናችሁ» ማለት በቂ ነው፤ ከረዥሙ መግለጫ ይልቅ ይህች አጭር ምርቃት ልብ የምትደርስበት ጊዜ ብዙ ነው። «ሕይወታቸው ላለፈ ሟቾች» የሚለውም አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መናገር ስለሆነ አንዱ ይቅር።

«እናዝናለን» ያሉትን ደግሞ «አዝነናል» ቢሉት ይሻላል። አማርኛ አሁን በሰው ላይ ያለን ስሜት የሚናገረው በተፈጸመ ግሥ ነው፤ የደከመው ሰው «ደክሞኛል» እንጂ «ይደክመኛል» እንደማይል ሁሉ፣ ሐዘን የገባውም «አዝኛለሁ» ይላል። «አዝናለሁ» ከጊዜ ወደ ጊዜ የእምቢታና የይቅርታ ቃል እየሆነ መጥቷል፤ «አዝናለሁ፣ ጥያቄዎን መቀበል አልችልም» ሲባል እንሰማለን። ሰው የተገደለበት ሕዝብ ደግሞ ይህን የቢሮ ድምፅ ከእኛ ሊሰማ አይገባውም። ከዚሁ ጋር «ሐዘኔታ» የሚለውን ቃልም ተጠንቅቀው እንዲይዙት አሳስባለሁ፤ ሐዘኔታ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኖ ዝቅ ያለውን ማየት፣ መራራት ነው። ለተጎዳ ሕዝብ የሚገለጸው ሐዘን እንጂ ሐዘኔታ አይደለም።

«ሐሳባችንና ጸሎታችን ከእናንተ ጋር ነው» የሚለው አነጋገር በትርጉም የገባ ነው፤ በአማርኛ ጸሎት ከሰው ጋር አይሆንም፤ ሰው በጸሎት ይታሰባል። «በጸሎት እናስባችኋለን» ቢሉ ዐረፍተ ነገሩ ያጥራል፣ አሳቢውም ታሳቢውም በአንድ ግሥ ውስጥ ይገናኛሉ።

ወደ ጥቃቱ ስያሜ እንለፍ። «አሸባሪ» አድራጊን የሚያመለክት ቃል ነው፤ የሚያሸብር ሰው አሸባሪ ይባላል፤ «አሸባሪ ወሬ» ሲባልም የሚያስደነግጥ ወሬ ማለት ነው። «አሸባሪ ጥቃት» ያልን እንደሆነ እንግዲህ የሚያስደነግጥ ጥቃት ብቻ ብለን ልናልፍ እንችላለን፤ ወንጀሉን የሚሰይመው «የሽብር ጥቃት» ወይም «የአሸባሪዎች ጥቃት» የሚለው ነው። በሕጉም ቋንቋ ላይ ተመሳሳይ እርማት ይታያል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 652 በስሙ ስለ «ሽብርተኝነት» ሲናገር፣ እርሱን የተካው የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1176 ደግሞ «የሽብር ወንጀልን ለመከላከልና ለመቆጣጠር» የወጣ ነው። ሽብር የሚለው ቃል ራሱ ድንጋጤንና መታወክን የሚያመለክት ስለሆነ፣ ጥቃቱ የታለመው በቆሰሉትና በሞቱት ላይ ብቻ ሳይሆን በሕይወት በቀሩት ሁሉ ላይ መሆኑን ይነግረናል፤ ከሩቅ የሚላክ የአብሮነት ቃል ጥቅም የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

«ሕይወታቸው ያለፈ» የሚለው ጨዋ አነጋገር ነው፤ በሕመም ወይም በአደጋ ለሞተ ሰው ይስማማል። መጋቢት 24 ቀን 2007 ዓ.ም. በኬንያ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 148 ሰዎች፣ አብዛኞቹም ተማሪዎች፣ በአልሸባብ ታጣቂዎች እጅ ሲጠፉ ግን ሕይወታቸው እንዲሁ አላለፈም፤ ተገደሉ። ለስላሳው ቃል ሐዘንተኛውን የሚያከብር ቢመስልም ገዳዩን ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ያስወጣዋል፤ ስለዚህ «የተገደሉ»፣ ቢቻልም «በግፍ የተገደሉ» ማለት እውነቱን መጠበቅ ነው። «የሽብር ሰለባ» የሚለው በጋዜጣ ቋንቋ እጅግ የተለመደ ስለሆነ ስሕተት ነው ብዬ አልከራከርም፤ ነገር ግን ሰለባ ከሞተ ጠላት ላይ የሚወሰደው ምርኮ እንደ ነበር የሚያስታውስ አንባቢ ስላለ እኔ በሐዘን መልእክት ውስጥ አልጽፈውም። «ሰማዕት»ም ለሁሉም አይሆንም፤ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ስለ እምነታቸው የተገደሉት ኢትዮጵያውያን ሰማዕታት መባላቸው ቃሉ ምስክር ማለት ስለሆነ ነው፤ ቡና እየጠጣ ወይም ባቡር እየጠበቀ ሳለ የተገደለ ሰው ግን ለመመስከር የተጠየቀው ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ፤ አብሮነት በምን ይገለጻል? ሰዎች ሁሉ መልሱን የሚፈልጉት ከስሞች መካከል ነው። አማርኛ ግን ይህን ሥራ የሚሠራው በግሡ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ምዕላድ ነው፤ እርሷም «በ» ናት። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» የሚሉትን አስተያይተው ይመልከቱ፤ ፍርዱ ያው ፍርድ ሆኖ ሳለ አንዱ ሲጠቀም አንዱ ሲጎዳ እናያለን። «ልጁ ሞተ» ወሬ ነው፤ «ልጁ ሞተበት» ሲባል ግን ሁለት ሰው ይታየናል፤ አንዱ ሄዷል፣ ሌላው ጉዳቱን ተሸክሞ ቀርቷል። እንግዲህ እርስዎ «በአገራችሁ ሰዎች ተገደሉ» ብለው ቢጽፉ ዜናውን መልሰው ለባለቤቶቹ መንገር ብቻ ይሆናል፤ «ሰዎች ተገደሉባችሁ» ሲሉ ግን ጉዳቱ በማን ላይ እንዳረፈ ማየትዎን ይናገራሉ። «አዝነናል» የሚለው ቃል ገና ሳይመጣ ሐዘኑ በ«ባችሁ» ውስጥ ገብቷል።

ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ «ተገደሉብን» ማለትም ይቻላል፤ ይህ ግን ከባድ ቃል ነው። መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በአሜሪካ ላይ በደረሰው ጥቃት ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች ሲገደሉ፣ ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ በመስከረም 3 ዕትሙ «ሁላችንም አሜሪካውያን ነን» ብሎ ነበር። መጋቢት 6 ቀን 2011 ዓ.ም. በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ በሁለት መስጊዶች ውስጥ 51 ሙስሊሞች በተገደሉ ጊዜም ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን ስለ ሟቾቹ የተናገሩትን ቃል በቃል ብናስቀምጠው «እነርሱ እኛ ናቸው» ይሆናል። በአማርኛ ይህ ዐረፍተ ነገር እንግዳ ነው፤ እኛ የምንለው «የእኛው ናቸው» ወይም «የተገደሉብን እኛ ነን» ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ይህን ለማለት ሙሉ መብት ነበራቸው፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከሌላ አገር መጥተው ኒውዚላንድን አገሬ ያሉ ሰዎች ነበሩና፤ በአገሪቱ መሪ አፍ «የእኛው» መባላቸው ለቤተሰቦቻቸው ታላቅ ነገር ነው። ከሩቅ ሆኖ የሚጽፍ ሰው ግን «ብን» ከማለቱ በፊት ጉዳቱ በእርግጥ በእርሱም ላይ መድረሱን ራሱን ይጠይቅ። ከሟቾቹ መካከል ባልደረባችሁ፣ አብራችሁ የሠራችሁት ሰው ካለ «ብን» በሉ፤ እውነት ነውና። ከሌለ ግን «ባችሁ» ብሎ አጠገብ መቆም፣ የሐዘንተኛውን ቦታ ሳይወስዱ ሐዘኑን መጋራት ነው።

ስሞቹን በአጭሩ ልለፍ። «ወገንተኝነት» ዛሬ በአብዛኛው አድልዎን ስለሚያመለክት ከመልእክትዎ ይውጣ፤ «ወገን» የሚለው መሠረቱ ግን የሚወደድ ቃል ስለሆነ «ወገኖቻችሁ» ብለው ይጠቀሙበት። «ትብብር» የሥራ ነው። «አጋርነት» ለመግለጫ ይስማማል፤ «ከጎናችሁ ነን» ግን ከሁሉም ይቀርባል።

መልእክትዎን እንደዚህ ቢያደርጉት እመርጣለሁ፦ «በከተማችሁ በተፈጸመው የሽብር ጥቃት ወገኖቻችሁ በግፍ ስለተገደሉባችሁ በእጅጉ አዝነናል። ለቤተሰቦቻቸውና ለመላው ሕዝባችሁ መጽናናትን፣ ለቆሰሉትም ፈጥኖ ማገገምን እንመኛለን። ድርጊቱን አጥብቀን እናወግዛለን፤ በዚህ የሐዘን ጊዜም ከጎናችሁ ነን።» ውግዘቱን ከሐዘኑ በኋላ ያስቀመጥሁት ሆን ብዬ ነው፤ ውግዘት ስለ ገዳዩ የሚነገር ሲሆን፣ ደብዳቤው የተጻፈው ለሐዘንተኛው ነው። «ነፍስ ይማር» የሚለውን ያላስገባሁት ንቄው አይደለም፤ ለቆሰለው «ይማርህ»፣ ለሞተው «ነፍስ ይማር» እያልን በአንድ ግሥ ሁለቱንም የምንደርስበት ውብ አነጋገር ነው። ሆኖም በክርስቲያኖች ዘንድ የተለመደ ስለሆነ፣ የሟቾቹን እምነት ካወቁ ይጨምሩት፤ ሟቾቹ ሙስሊሞች ከሆኑ «አላህ ይዘንላቸው» ይበሉ፤ የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች በአንድነት ከተገደሉ ደግሞ ከላይ ያለው ይበቃል። «በከተማችሁ» ባልሁበት ቦታ ግን የከተማውን ስም ነዋሪዎቹ እንደሚጠሩት አድርገው ይጻፉት።