የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ተማሪ የት ሄዶ ምን ይጠይቅ?

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ አሜሪካ ከሚማሩ ልጆችና ከወላጆቻቸው የተላኩትን አምስት መርጠናል። ዩኒቨርሲቲዎች የውስጥ አሠራራቸው ይለያያል። የቪዛው ሕግ ግን ለሁሉም አንድ ስለሆነ መልሳችን በእሱ ላይ ይቆማል። ደጋግመን የምንጠራው «ዲኤስኦ» በውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ውስጥ አይ-20 (ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን መቀበሉን የሚያረጋግጥበት፣ ለቪዛው የሚያስፈልግ ቅጽ) ላይ የመፈረምና ሴቪስ በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ላይ የተማሪውን ሁኔታ የመመዝገብ ሥልጣን ያለው ሠራተኛ ነው።

ልጄ በነሐሴ ወደ አሜሪካ ይሄዳል። ሕክምናው እንዴት ነው? ከመሄዱ በፊትስ እዚህ ምን እናዘጋጅ? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

እናታችን፣ ከክትባቱ ይጀምሩ። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የጀርመን ኩፍኝ ጥምር ክትባት ሁለት ጊዜ መወሰዱን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ማስረጃው ካልቀረበ የኮርስ ምዝገባው ይታገዳል። በልጅነት የተወሰደው ክትባት ካርዱ ከጠፋ እዚሁ እንደገና ተከትቦ ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ማጻፍ ይቀላል።

የቲቢ ምርመራም ይጠየቃል። ልጅዎ እንደ አብዛኛው የአገራችን ልጅ በሕፃንነቱ የቢሲጂ (የቲቢ መከላከያ) ክትባት ወስዶ ከሆነ በቆዳ ላይ የሚደረገው ምርመራ ሳይታመም «አለበት» ሊል ይችላል። ከዚያ በኋላ ራጅና ተጨማሪ ቀጠሮ ይከተላል። ስለዚህ ገና ከመነሻው በደም የሚሠራውን ምርመራ ይጠይቅ፤ ያ በቢሲጂ አይሳሳትም።

የጤና መድኑ ብዙ ጊዜ በትምህርት ክፍያው ሂሳብ ላይ በራሱ ይደመራል። ሌላ መድን ያለው ተማሪ እንዲቀነስለት ማመልከት የሚችለው በሴሚስተሩ መጀመሪያ ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ነው። ልጅዎ ሲታመም በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግቢው ክሊኒክ ይሁን። ክሊኒኩ ከተዘጋና ሕመሙ ለሕይወት የማያሰጋ ከሆነ ያለ ቀጠሮ የሚያዩ አነስተኛ የሕክምና ማዕከላት አሉ። የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በጣም ውድ ነው፤ መድን ያለው ሰው እንኳ የመጀመሪያውን ድርሻ ከኪሱ ይከፍላል። ነፍስን ለሚያሰጋ ነገር ግን ሳያመነታ 911 ይደውል። የተማሪ መድን ጥርስና መነጽር ባብዛኛው አይሸፍንም፤ የጥርስ ሕክምናውንና ሁለት መነጽሮችን እዚህ ይጨርስ።

አይ-20ው፣ ፓስፖርቱና የገንዘብ ማስረጃው በእጅ ሻንጣ ይያዙ። በአየር መንገዱ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ከገቡ መግቢያው ላይ መኮንኑ ሲጠይቅ የሚያሳየው አይኖረውም። አሜሪካ መግባት የሚችለው አይ-20ው ላይ ከተጻፈው የትምህርት መጀመሪያ ቀን በፊት ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ነው። እንደደረሰ ጽሕፈት ቤቱ ዘንድ ቀርቦ አድራሻውን ያስመዝግብ። ከዚያ በኋላ ቤት በለወጠ ቁጥር በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ብዙ ልጆች ሁለተኛ ዓመት ላይ ከማደሪያው ሲወጡ የሚረሱት ይህንን ነው።

ስሙ ደግሞ በሁሉም ወረቀት ላይ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ። እኛ የአባትን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም ስለማንጠቀም አንዱ ቅጽ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ባንኩና የሶሻል ሴኩሪቲ (የማኅበራዊ ዋስትና) መሥሪያ ቤቱ ሁለት የተለያየ ሰው ይመስላቸዋል።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አስቀድሞ ቅጽ ለሞላ ተማሪ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበል ሰው ይመድባሉ። «አስተናጋጅ ቤተሰብ» የሚባልም አለ። ልጁ እነሱ ቤት አይኖርም፤ በወር አንድ ጊዜ ያህል ምሳ ይጋብዙታል፣ በበዓል ቀን ይወስዱታል። በኅዳር የምስጋና በዓልና በታኅሣሥ ዕረፍት አንዳንድ ማደሪያዎች ስለሚዘጉ ይህ ዝምድና ዋጋ አለው። ይመዝገብ።

የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነኝ። የሚከፍልልኝ አባቴ ነው፤ ከምንዛሪው ለውጥ ወዲህ ግን የሚልከው ግማሹን እንኳ አይሞላም። ግቢ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት እሠራለሁ፣ አልበቃኝም። አንዲት ዘመዳችን በሬስቶራንቷ በእጅ እየከፈለች ልታሠራኝ ትፈልጋለች። ልጀምር? (ተማሪ፣ ከኦሃዮ)

እኅታችን፣ አትጀምሪ። ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ መሥራት የተማሪነት ሁኔታሽን ያፈርሰዋል፤ ክፍያው በእጅ መሆኑ ጥፋቱን አያቀለውም። አንዴ ከፈረሰ ለማስመለስ ያለው መንገድ ጠባብ ነው፣ ያለ ፈቃድ ሥራ ደግሞ ያንኑ ጠባብ መንገድ ይዘጋዋል።

ሕጉ ግን ልክ ለአንቺ ዓይነት ችግር የተወው በር አለ፤ ብዙ ልጆቻችን ስለማያውቁት አይጠይቁም። «በከባድ የኢኮኖሚ ችግር ምክንያት የሚሰጥ የሥራ ፈቃድ» ይባላል። ደንቡ ከሚጠቅሳቸው ምክንያቶች አንዱ የአገር ገንዘብ ምንዛሪ በእጅጉ መለዋወጡ ነው፤ የደጋፊው ገቢ ድንገት መውደቅም ተጠቅሷል። የሚጠበቅብሽ፦ በኤፍ-1 ቢያንስ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት መቆየት፣ ትምህርትሽን በደንብ መያዝ፣ ችግሩ ካንቺ ቁጥጥር ውጭና ያልተጠበቀ መሆኑን ማሳየት፣ የግቢው ሥራ አለመገኘቱን ወይም አለመብቃቱን ማስረዳት።

ማመልከቻው የሚወድቀው ወይም የሚቆመው በማስረጃው ነው። «አባቴ ተቸግሯል» የሚል ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። ቁጥሩን አስቀምጪ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። አባትሽ በዓመት 20,000 ዶላር ሊከፍል ቃል ገብቶ ከነበረ በ57 ሲሰላ 1,140,000 ብር፣ በ120 ሲሰላ 2,400,000 ብር ነው። ይህን በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ አሳዪ፦ የመጀመሪያው አይ-20 ላይ የተጻፈው የቤተሰብ ድጋፍ፣ የያኔው ምንዛሪ፣ የዛሬው ምንዛሪ፣ የጎደለው ዶላር። ከሥሩ የአባትሽን የያኔና የአሁን የባንክ መግለጫ፣ የንግድ ገቢውን ማስረጃና የዩኒቨርሲቲውን የክፍያ ሂሳብ አያይዢ። በአማርኛ ያለ ወረቀት ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ ተርጓሚው ትክክለኛነቱንና ችሎታውን አረጋግጦ መፈረም አለበት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ዲኤስኦው ድጋፉን በሴቪስ ላይ ይመዘግብና አዲስ አይ-20 ይሰጥሻል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ የሥራ ፈቃድ ማመልከቻውን ቅጽ አይ-765ን ከክፍያው ጋር ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ታስገቢያለሽ። ሁለት ስሕተት ይደጋገማል፤ አዲሱ አይ-20 ሳይመጣ ቅጹን መላክ፣ እና በቅጹ ላይ የኦፒቲን (ከትምህርት መስክ ጋር የተያያዘ የተግባር ሥራ ፈቃድ) የምድብ ኮድ መጻፍ። ኮዶቹ ስለሚመሳሰሉ ከመላክሽ በፊት ዲኤስኦው ይይልሽ። ሥራ የሚጀመረው የሥራ ፈቃድ ካርዱ ተፈቅዶ ሲመጣና በላዩ የተጻፈው ቀን ሲደርስ ነው። ፈቃዱ ቢበዛ ለአንድ ዓመት ነው፤ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት፣ በዕረፍት ሙሉ ቀን ያሠራል።

መልሱ ወራት ሊወስድ ስለሚችል እስከዚያው ሦስት ቦታ ሂጂ። የሂሳብ ክፍሉ ዕዳውን በየወሩ እንዲከፋፍልልሽ ጠይቂ፤ ዝም ካልሽ ምዝገባሽ ይታገዳል። የተማሪዎች ጉዳይ ዲን ዘንድ ለድንገተኛ ችግር የተቀመጠ አነስተኛ ገንዘብ ይኖራል። ብዙ ግቢዎችም የምግብ ባንክ አላቸው፤ ፓስታ፣ ሩዝ፣ የታሸገ ባቄላ በተማሪ መታወቂያ ብቻ ይሰጣል። የግቢው የምግብ ባንክ ከመንግሥቱ የምግብ ድጎማ የተለየ ነው፤ የመንግሥቱ ለኤፍ-1 አይፈቀድም፣ የግቢው ግን ለተማሪ ሁሉ የተዘጋጀ ነው። አትፈሪ።

በ13 ክሬዲት ተመዝግቤ በኬሚስትሪ (4 ክሬዲት) እየወደቅሁ ነው። ላቋርጠው? (የአንደኛ ዓመት ተማሪ)

ወንድማችን፣ ዲኤስኦው ሳያጸድቅ በፍጹም አታቋርጥ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በሴሚስተር 12 ክሬዲት መያዝ አለበት፤ ከ13 ላይ 4 ሲነሳ 9 ይቀራል። የመዝገብ ሥርዓቱ ኮርሱን በአንድ ጠቅታ ያወጣልሃል፣ ቪዛህን ግን አያይም።

በመጀመሪያ ዓመት በቋንቋው ወይም በአሜሪካ የአስተማመር ዘዴ ምክንያት የተቸገረ ተማሪ በዲግሪ ደረጃው አንድ ጊዜ ብቻ ጭነቱ እንዲቀነስለት ሊፈቀድ ይችላል፤ ያም ቢሆን ቢያንስ 6 ክሬዲት ይዞ ነው። ለሕመም ሲሆን የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃል፣ በድምሩም እስከ 12 ወር ይደርሳል። ኬሚስትሪውን በኦንላይን ኮርስ ልተካው ካልክ በሴሚስተር ከ12ቱ ውስጥ የሚቆጠርልህ አንድ የኦንላይን ኮርስ ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት ግን መምህሩ ለተማሪ ክፍት የሚያደርገው ሰዓት አለና ሂድ። እኛ አገር መምህርን ቢሮው ድረስ ሄዶ ማስቸገር ነውር ይመስለናል፤ እዚያ ሰዓቱ የሥራው አካል ነው። የከበደህን ጥያቄና እስከ የት እንደሠራኸው ወረቀት ላይ ይዘህ ግባ። ባዶ እጅህን «አልገባኝም» ብትል አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ትወጣለህ።

ምንም ገቢ የለኝም። ግብር ማስታወቅ አለብኝ? (ተማሪ፣ ከቨርጂኒያ)

አዎ፤ በተማሪነት አሜሪካ መቆየትህን የምታስታውቅበትን ቅጽ 8843ን ለግብር መሥሪያ ቤቱ ትልካለህ። ገቢ ለሌለው ቀኑ እስከ ሰኔ 15 በፈረንጆች ነው። ደሞዝ የነበረው ተማሪ እስከ ሚያዝያ 15 በፈረንጆች 1040-ኤንአርን (ነዋሪ ያልሆነ ሰው የሚሞላውን የገቢ ግብር ቅጽ) አብሮ ይሞላል። በሰፊው የሚታወቁት የግብር ፕሮግራሞች የሚሞሉት የነዋሪዎችን 1040 ስለሆነ በእነሱ የሞላ ተማሪ የማይገባውን ተመላሽ ወስዶ በኋላ ያርማል። ጽሕፈት ቤትህ ለውጭ ተማሪዎች የተሠራውን ፕሮግራም መጠቀሚያ ኮድ ይሰጥ እንደሆነ በየካቲት ጠይቅ። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌለ የሌላ አገር ጓደኛህ ያገኘውን የስምምነት ቅናሽ አትጻፍ። ወደፊት ሥራ ስትይዝም በመጀመሪያዎቹ አምስት የፈረንጅ ዓመታት ከደሞዝህ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የአረጋውያን ሕክምና መድን) 7.65 በመቶ መቆረጥ የለበትም። ከተቆረጠ በመጀመሪያ አሠሪህን ጠይቅ፤ ካልመለሰ በቅጽ 843 ከግብር መሥሪያ ቤቱ ይጠየቃል።

ግቢያችን ውስጥ አምስት ኢትዮጵያውያን ነን። በኅዳሩ የዓለም አቀፍ ትምህርት ሳምንት የቡና ሥነ ሥርዓት ማዘጋጀት እንፈልጋለን። ዓምና ማደሪያ ውስጥ ዕጣን አጭሰን የእሳት ደወል ጮኸና ሕንጻው ሁሉ ወጣ። ዘንድሮ እንዴት እናድርግ? (ተማሪዎች፣ ከሚኒሶታ)

ደወሉ ጭሱ ከዕጣን ይምጣ ከእሳት አይለይም፤ የሚቆላ ቡናም ያስጮኸዋል። ከሰል ደግሞ በዝግ ቤት ውስጥ የሚገድል ጋዝ ይተፋል። ስለዚህ መቁላቱንና ዕጣኑን ደጅ አድርጉት፤ ለክፍት ነበልባል ከግቢው የእሳት ደኅንነት ክፍል የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። በሚኒሶታ ኅዳር ብርዱ ከበረታ ቡናውን በዋዜማው ቆልታችሁ፣ በዕለቱ እፍኝ ያህል ብቻ በር ላይ ቆልታችሁ ሽታውን አሳዩ።

ለ60 እንግዳ አስሉት። አንድ ሲኒ 60 ሚሊ ሊትር ቢይዝ አቦሉ ብቻ 3.6 ሊትር ነው። በሊትር 65 ግራም ብትሉ 235 ግራም ገደማ የተፈጨ ቡና ይሆናል። አንድ ሊትር የሚይዙ አራት ጀበናዎች ይበቃሉ። ግርጌው ክብ የሆነ ጀበና በጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ስለማይቀመጥ ግርጌው ጠፍጣፋ የሆነውን ፈልጉ። ሸክላውን ውኃ ሳትጨምሩ አትጣዱ፣ ሙቀቱንም ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ አለዚያ ይሰነጠቃል። 1,500 ዋት የሚስብ ምድጃ በ120 ቮልት 12.5 አምፔር ይወስዳል። ሁለቱን በአንድ መስመር ከሰካችሁ 25 አምፔር ይሆንና 20 አምፔር ብቻ የሚችለው የመስመሩ መቆጣጠሪያ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል። ሶኬቶቹ የተለያየ መስመር ላይ መሆናቸውን የአዳራሹን ሠራተኛ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አምስት ሰው ማኅበር ለማስመዝገብ ላይበቃ ይችላል፤ አብዛኛው ግቢ የተወሰነ አባል፣ አማካሪ መምህርና መተዳደሪያ ደንብ ይፈልጋል። ዘንድሮ ከአፍሪካ ተማሪዎች ማኅበር ጋር በጋራ አዘጋጁት፤ አዳራሹንና ገንዘቡን በእነሱ ስም ትጠይቃላችሁ። የተማሪዎች ምክር ቤት ገንዘብ ከዝግጅቱ ከሳምንታት በፊት ይጠየቃል። ሳይጸድቅ ከኪሳችሁ ያወጣችሁትን ብዙ ጊዜ አይመልሱም፤ ለኅዳር በመስከረም አመልክቱ። ቤት የተሠራ ምግብ ለሕዝብ ማቅረብ በብዙ ግቢ ስለሚከለከል ለቡና ቁርሱ ፈንዲሻ ይበቃል። እንጀራ ካማራችሁ ከተማው ውስጥ ፈቃድ ካለው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት እዘዙ፤ ደረሰኙንም በማኅበሩ ስም አስቆርጡ።