የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሬዲዮ የከለከላቸው የአፍሪካንስ ሮከሮች፣ የሚጮኸው ክራር እና የግጥም ባለቤትነት

ጥያቄ፦ በአፓርታይድ መጨረሻ ዓመታት በአፍሪካንስ እየዘፈኑ መንግሥትን የሚነቅፉ ነጭ ሙዚቀኞች ነበሩ ሲባል ሰማሁ። እነማን ናቸው? ሬዲዮ ካላጫወታቸውስ ሕዝቡ እንዴት አወቃቸው? (ከሐዋሳ፣ ታቦር)

መልስ፦ በ1989 እ.ኤ.አ. «ፉልፍሬይ» በሚል ስም ደቡብ አፍሪካን ስለዞሩት ሙዚቀኞች ሳይሆን አይቀርም የሰሙት። ከፊት የነበረው ዮሃነስ ኬርኮረል ከባንዱ ከኸሬፎርሜርደ ብሉዝ ባንድ ጋር ነው። ኮስ ኮምበይስ እና በርኖልደስ ኒማንድ በሚል ስም የሚዘፍነው ጄምስ ፊሊፕስም አብረው ነበሩ። ኬርኮረል የመድረክ ስም ነው፤ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ራልፍ ራቢ ሲሆን ጋዜጠኛ ነበር። ባንዱ ስሙን የወሰደው ከገዥዎቹ ቤተ ክርስቲያን ስለነበር ገና ፖስተሩ ሲለጠፍ ቁጣ ይነሳ ነበር።

የመንግሥቱ ማሠራጫ ዘፈኖቻቸውን አላሳለፈም። በዚያን ጊዜ የማሠራጫው ቤተ መዛግብት የተከለከለን ዘፈን በወረቀት ብቻ አይከለክልም፤ ሸክላው ላይ ያንኑ ዘፈን በስለት ይፍቁታል፣ መርፌው ሲደርስበት እንዲዘል። ስለዚህ የቀረው መንገድ መድረክና ካሴት ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ዞሩ። ስቴለንቦሽ ግቢዬ አትገቡም አላቸው፤ ክልከላው ግን ተማሪውን አስቆጣ፣ ስማቸውንም ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ አስጠራ። በዚያው ዓመት የወጣውን «ኢት ክሪፍ» የተሰኘውን አልበም ያሳተመው ሺፍቲ ሬከርድስ ነው። የሺፍቲው ሎይድ ሮስ ቀደም ሲል ስቱዲዮውን ተጎታች ቤት ውስጥ ገጥሞ ሌሶቶ ድረስ በመሄድ የሳንኮሞታን ባንድ የቀዳ ሰው ነው።

እንደ ሙዚቃ ካየነው አዲስ ነገር አልፈጠሩም፤ የቆየ ሮክ ኤንድ ሮልና ብሉዝ ነው። ጉልበታቸው ግጥሙ ነበር። የጊዜው ፕሬዚዳንት ፒ. ደብልዩ. ቦታ ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርብ «አጥፋው!» የሚል ዘፈን በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ የባዕድ ስድብ ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ በገዥዎቹ በራሳቸው ቋንቋ በአፍሪካንስ ሲመጣ ግን የገዛ ልጃቸው ስድብ ሆነ። ባንዱ ዕድሜው አጭር ነው፣ ብዙ ሳይቆይ ተበተነ። ኬርኮረል በፒያኖ ወደታጀቡ ለስላሳ ዘፈኖች ዞሮ ቤልጂየም ውስጥም ሰሚ አገኘ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. አረፈ። ፊሊፕስ በ1995 እ.ኤ.አ. ሞተ። ኮምበይስ መዝፈኑንም መጻፉንም ቀጠለ።

ጥያቄ፦ እኛም በቋንቋችን ሮክ እንጫወታለን፤ ክራር፣ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝ እና ድራም አለን። ክራሩ ወይ አይሰማም ወይ ይጮኻል። ከጊታሩም ጋር የሆነ ነገር አይገጥምም። (ከሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር)

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። መጀመሪያ ጩኸቱን እንይ። የክራር ቆዳ ራሱ ማይክሮፎን ነው፤ ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ ተቀብሎ መልሶ ይልከዋል። ፒኤዞ ፒክአፕ (መሣሪያው ላይ ተለጥፎ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር) ካላችሁ ቆዳው መሃል አትለጥፉት፤ በርኩማው እግር አጠገብ፣ የቆሪው ጠርዝ ላይ በባለሁለት ፊት ፕላስተር አጣብቁት። ሽቦውን በቀጥታ ከሚክሰሩ ላይን መግቢያ ከሰካችሁት ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ይቀጥናል። ፒኤዞ 1 ሜጋኦም ገደማ መግቢያ ያለው ፕሪአምፕ ወይም ዲአይ ቦክስ (በፒክአፑና በሚክሰሩ መካከል የሚገባ ማስማሚያ) ይፈልጋል፣ የሚክሰር ላይን መግቢያ ግን ብዙውን ጊዜ 10 ኪሎኦም አካባቢ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ ይበላዋል። ከዚያ የክራሩን ወፍራም ክር በቲዩነር ለኩ፤ ለምሳሌ 196 ሄርዝ ከሆነ ከ150 በታች ያለውን በሙሉ ቁረጡት። እዚያ ያለው የቤዝና የከበሮ ጉርምርምታ ብቻ ነው። አሁንም ከጮኸ ሞኒተሩን (ለተጫዋቾቹ የሚያሰማውን የመድረክ ስፒከር) ከቆሪው ፊት አዙሩ። ድምፁን መጨመር መፍትሔ አይደለም።

አለመግጠሙ ከቅኝት ነው የሚመጣው። በአምባሰል ቅኝት ክሮቹ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ናቸው (ቤሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ)፤ ሚ የለም። ጊታሪው ከልምድ የዶ ሜጀር (C) ኮርድ ሲመታ ሚ ይገባና ከክራሩ ፋ ጋር በግማሽ ድምፅ ይጋጫል። ዶ እና ሶልን ብቻ ይምታ፣ ሦስተኛዋን፣ ሚን፣ ይተዋት። ቤዙም በዶ እና በሶል ላይ ቢቆይ ክራሩ ቦታ ያገኛል። ጊታሪዎች በዚህ ያኮርፋሉ፤ ይለምዱታል።

የዘፈን ቅደም ተከተል ስታወጡም ቅኝቱን አስቡ። ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ለመሄድ ሁለት ክር (ሚ እና ላ) ግማሽ ድምፅ ማውረድ ይበቃል፤ ድምፃዊው ሁለት ዓረፍተ ነገር እስኪያወራ ያልቃል። ከትዝታ ሜጀር ወደ አምባሰል ግን ሦስት ክር ነው፣ ሬ እና ላ ይወርዳሉ ሚ ይወጣል፤ ሁለተኛ ክራር ከሌላችሁ አምባሰሎቹን ባንድ ላይ ሰብስቧቸው።

ሐይቅ ዳር ሲመሽ እርጥበት አለ። ቆዳው ሲረጥብ ይላላል፣ በርኩማው ይሰምጣል፣ ክሮቹም አብረው ይወርዳሉ። ቤት ቃኝታችሁ አትምጡ፤ ክራሩን መድረኩ ላይ ግማሽ ሰዓት ካቆያችሁ በኋላ ቃኙ። ከሰል አጠገብ ማሞቅ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። አዲስ ናይለን ክርም በዝግጅቱ ዕለት አይታሰርም፣ ሁለት ሦስት ቀን ካልተጎተተ ይሸሻል።

ጥያቄ፦ ግጥሙን አንዱ፣ ዜማውን ሌላው ሠራ። ባንዱ ቢበተን የማን ነው? (ከሐዋሳ፣ መናኸሪያ)

መልስ፦ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው ወረቀት ላይ ከሰፈረ ወይም ከተቀዳ መብቱ ሳይመዘገብም ይጠበቃል፤ የኢኮኖሚ መብቱም የደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ችግሩ ማስረጃ ነው። ለእያንዳንዱ ዘፈን የገጣሚውን፣ የዜማ ደራሲውንና የአቀናባሪውን ስም፣ የእያንዳንዱን ድርሻ በመቶኛ፣ ቀኑንም ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙ። ይህን ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት አድርጉት፤ ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ሁሉም «ያቺን መስመር እኔ ነኝ ያመጣኋት» ይላል።