ድንጋይ፣ ሽቦና ማብሪያ፦ ከጎጃም ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ትርኢት በሦስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ነጭ ኤልኢዲ ላበራ ፈልጌ ነበር። የመጀመሪያው ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ አልበራም። ለሁለተኛው ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ ቁራጭ) ጨመርኩለት፤ እሱ ደግሞ ጨለማ ካልሆነ አይታይም። ማብሪያውንስ በፖዘቲቭ በኩል ነው በኔጋቲቭ የማስገባው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ተቃጥሏል፤ አትድከሚበት። አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ ሦስቱ በተከታታይ ሲደረደሩ 4.5 ቮልት ይሰጣሉ። ነጭ ኤልኢዲ 3.2 ቮልት አካባቢ ይበቃዋል፤ ከዚያ ትንሽ ሲያልፍ የሚስበው ከረንት ሽቅብ ይዘላል። ትልቅ ድንጋይ ደግሞ የተጠየቀውን ሁሉ ይሰጣል፤ አይሰስትም። የእጅ ባትሪ አምፖል እንዲህ የማይሆነው ክሩ ሲግል ራሱ ከረንቱን ስለሚያግድ ነው። 3.8 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለበትን አምፖል ከሦስት ድንጋይ ጋር ያለ ምንም ሬዚስተር ማገናኘት ትችያለሽ።

አሁን ለሁለተኛው ኤልኢዲ የጨመርሽውን ሬዚስተር የቀለም መስመሮች ተመልከቺ። ቡኒ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ 10,000 ኦም ነው። ለአንቺ የሚሆንሽ ቡኒ፣ ጥቁር፣ ቡኒ ነው፤ 100 ኦም። ሁለቱን የምትለያቸው ሦስተኛዋ መስመር ብቻ ናት፤ በደብዛዛ መብራት ደግሞ ቡኒና ብርቱካናማ ይመሳሰላሉ። ሒሳቡ እነሆ፦ ከ4.5 ላይ 3.2 ሲነሣ 1.3 ቮልት ይተርፋል። 1.3 ለ100 ሲካፈል 0.013 አምፔር፣ ማለትም 13 ሚሊአምፔር ይሆናል፤ ኤልኢዲው በደንብ ይበራል፣ አይጎዳምም። ለ10,000 ሲካፈል ግን 0.13 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ያየሽው ጭላንጭል ይህ ነው። ቀይ ኤልኢዲ ከሆነ የሚፈልገው 2 ቮልት ገደማ ስለሆነ ሬዚስተሩን ወደ 150 ኦም (ቡኒ፣ አረንጓዴ፣ ቡኒ) ከፍ አድርጊው። ሁለት ኤልኢዲ ጎን ለጎን ካደረግሽ ለእያንዳንዱ የየራሱ ሬዚስተር ይኑረው። በአንድ ሬዚስተር ከተጋሩ አንደኛው ብዙውን ይስብና ሌላው ይደበዝዛል።

ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው። እግሮቹ ከተቆረጡ የኤልኢዲውን ጠርዝ በጣትሽ ዳብሺ፤ ጠፍጠፍ ያለው ወገን ኔጋቲቭ ነው።

ማብሪያውን በፈለግሽው በኩል አስገቢው፤ ከረንቱ የሚሄድበትን አንዱን መንገድ መቁረጡ ብቻ ይበቃል። ከአምፖሉ ጎን፣ ማለትም አንዱን ጫፉን ከፖዘቲቩ ሌላውን ከኔጋቲቩ ጋር ካሰርሽው ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ስትጫኚው መብራቱ ይጠፋል፣ ሽቦው ይሞቃል። እንዲህ ካየሽ ድንጋዩን ሾርት እያደረግሽው ነውና ቶሎ ንቀይው።

ለመያዣ ብዙዎች ድንጋዮቹን በናስትሮ ይጠቀልላሉ። ሲነካ ይላቀቃል፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለውም ከዚህ ነው። አገሩ የቀርከሃ አገር ስለሆነ ከእሱ የተሻለ መያዣ የለም። ትልቁ ድንጋይ ወርዱ 34፣ ቁመቱ 61 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ሦስቱ ተደርድረው 18 ሴንቲሜትር ተኩል ይደርሳሉ። ውስጡ 36 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ቀርከሃ 20 ሴንቲሜትር አድርገሽ ቁረጪ፤ ሰፋ ካለ በካርቶን አጥብቢው። በአንዱ ጫፍ ከአሮጌ የእጅ ባትሪ የወጣ ስፕሪንግ፣ በሌላው ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ የተቆረጠ ቁራጭ አድርጊ። ቆርቆሮው በቀለም የተለበጠ ነውና በብርጭቆ ወረቀት ፍቂው፤ ካልተፋቀ አያስተላልፍም። ሽቦውን ከቆርቆሮው ጋር እንጂ ከድንጋዩ ጋር አትበይጂ፤ ሙቀቱ የድንጋዩን መድፈኛ ያላላዋል።

ጥያቄ፦ የሬዲዮዬ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ነፍስ ይዘራል። ልጆቼ ግን ጉዳት አለው ይሉኛል። ደግሞም ከሦስቱ አንዱን አሮጌ፣ ሁለቱን አዲስ አድርጌ ብሠራበት ችግር አለው? (ከዳንግላ)

መልስ፦ አባታችን፣ ልጆችዎ ልክ ናቸው። ፀሐይ ድንጋዩን ቻርጅ አታደርገውም። ሙቀቱ ውስጡ ያለውን ኬሚካል ስለሚያነቃቃው የቀረችውን ጥቂት ጉልበት ቶሎ ያወጣታል፤ ሲበርድ ተመልሶ ይተኛል። በርካሹ ድንጋይ ደግሞ የሚበላው ራሱ የዚንክ ቆርቆሮው ነው። ሥራውን የጨረሰ ድንጋይ ግድግዳው ስለሳሳ ሲሞቅ ያፈሳል፤ የሚበላሸው ሬዲዮው ነው። አዲስና አሮጌ መቀላቀሉ የባሰ ነው። አሮጌው ቀድሞ ያልቅና ሁለቱ አዲሶች ከረንቱን በግድ በእሱ ውስጥ ያሳልፋሉ፤ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ይገለበጥበታል፣ ያፈሳል። የደከመውን ለመለየት ሬዲዮው ጮክ ብሎ እየሠራ ሳለ እያንዳንዱን በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያ) ይለኩ። ብቻውን ሲለካ 1.4 ቮልት የሚያሳይ ድንጋይ ሥራ ላይ ከ1 ቮልት በታች ሊወርድ ይችላል። አንዱ ከወረደ ሦስቱንም ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነኝ። ለልጄ የሠራሁትን መኪና ወደፊትም ወደኋላም እንድትሄድ ባለ ስድስት እግር ማብሪያ ገዛሁ። ሞተሩ ከድሮ ቴፕ የወጣ ነው፣ ባትሪው አራት ማዕዘኑ 9 ቮልት። ወደፊት ትንሽ ሄዳ ትቆማለች፤ ወደኋላ ጭራሽ አትሄድም። (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ብዙ የቴፕ ሞተሮች ፍጥነት የሚጠብቅ ሰርኪት በውስጣቸው አላቸው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞራሉ። ማብሪያውን ትተው ሞተሩን በቀጥታ ከድንጋይ ጋር ያገናኙ፣ ከዚያ ሽቦዎቹን ያለዋውጡ። በአንዱ በኩል ዝም ካለ ማብሪያውን አይውቀሱ። የመጫወቻ መኪና ሞተር ወይም የዲቪዲ ማጫወቻ ትሪ የሚያወጣና የሚያስገባ ሞተር በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ቆሞ የሚቀረው ደግሞ በባትሪው ምክንያት ነው። 9 ቮልቱ ለጭስ ማስጠንቀቂያና ለመሳሰሉት ጥቂት ከረንት ለሚስቡ የተሠራ ነው፤ ሞተር ሲነሣበት ቮልቱ ይወድቃል። አራት ትንንሽ ድንጋይ በተከታታይ፣ 6 ቮልት፣ ይበልጠዋል።

የማብሪያው አገናኘት እንዲህ ነው። ስድስቱ እግሮች በሦስት ረድፍ ሁለት ሁለት ሆነው ቆመዋል። መሃለኞቹን ሁለቱን ከሞተሩ፣ ከላይ ያሉትን ሁለቱን ከባትሪው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ጋር ያገናኙ። ከዚያ የላይኛውን ግራ ከታችኛው ቀኝ፣ የላይኛውን ቀኝ ከታችኛው ግራ በሽቦ ያሻግሩ። ቀጥታ ካወረዱት በሁለቱም በኩል ወደፊት ትሄዳለች። የሚሻገሩት ሽቦዎች የተላጡ ከሆኑና ከተነካኩ ማብሪያው መሃል ላይ ቆሞ እንኳ ድንጋዩ ይሞቃል፤ ስለዚህ አንዱን በፕላስቲክ ሽፋኑ ያሳልፉት። መሃል ላይ የሚያጠፋ ዓይነት ማብሪያ ከሆነ ልጅዎ ከወደፊት ወደኋላ ሲቀይር እዚያ ቆም ማለትን ይልመድ፤ እየዞረ ባለ ሞተር ላይ በድንገት ሲገለበጥ ከረንቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ቤቴ በሁለት በር ነው። በ12 ቮልት የሶላር ባትሪ የሚሠራ 5 ዋት አምፖል በሁለቱም በር እንዲበራና እንዲጠፋ ሁለት ባለ ሦስት እግር ማብሪያ ገጥሜያለሁ፤ አንዱ ማብሪያ ሲጠፋ ሌላው ምንም አይሠራም። (ከቢቸና)

መልስ፦ ኮመኑን (ብዙውን ጊዜ መሃለኛውን እግር) ከጎን እግር ጋር አምታተዋል። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ፊውዝ፣ ከፊውዙ ወደ መጀመሪያው ማብሪያ ኮመን፤ ሁለቱን የጎን እግሮች ከሁለተኛው ማብሪያ የጎን እግሮች ጋር በሁለት ሽቦ፤ ከሁለተኛው ኮመን ወደ አምፖሉ፣ ከአምፖሉ ወደ ኔጋቲቭ። ኮመኑ የቱ እንደሆነ ሁልጊዜ በቦታው ስለማይታወቅ ማብሪያውን ፈትተው በመልቲሜትር ያረጋግጡ፤ በሁለቱም አቀማመጥ ከአንዱ ወይም ከሌላው ጋር የሚገናኘው እሱ ነው። 5 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 0.4 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ባለ 2 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ ያድርጉ። ለአምፖሉ የቤት ማብሪያ ይበቃል። ሞተርን ወይም ትልቅ ነገርን በእሱ አያጥፉ፤ የመብራት ኃይል ከረንት በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚደርስ ማብሪያው ሲጠፋ በውስጡ የሚነሣው ብልጭታ ራሱ ይጠፋል፣ የባትሪው ግን አይቋረጥምና የማብሪያውን ጫፎች እየበላ ያጣብቃቸዋል።

ጥያቄ፦ ከተበላሸ ላፕቶፕ ያወጣኋቸውን ሦስት የሊቲየም ሴሎች ጎን ለጎን አገናኝቼ ትልቅ ባትሪ መሥራት እችላለሁ? (ከቡሬ)

መልስ፦ እያንዳንዱን ለየብቻው ቲፒ4056 በሚባለው የሊቲየም ቻርጅ ማድረጊያ ሰሌዳ እስከ 4.2 ቮልት ቻርጅ አድርገህ አንድ ቀን አሳድረው፤ በማግስቱ ለካ። የወረደውን ጣለው። የቀሩት በ0.05 ቮልት ውስጥ እኩል ከሆኑ ብቻ አገናኝ፤ 4.2ና 3.6 የሆኑትን ብታጋጥም ሙሉው ወደ ጎዶሎው ያለ ልጓም ይፈስሳል። ያለ መከላከያ ሰርኪት ቤት ውስጥ አታስቀምጠው፤ ያበጠ ካገኘህ አትብሳው፣ ደጅ፣ ሰው በማይደርስበት ቦታ በአሸዋ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጠው።