«በዕዳ ተዘፍቄያለሁ፤ ሱባዔ ልግባ ወይስ ምን ላድርግ?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ስሜ ይቆይልኝ። ባለትዳርና የልጆች አባት ነኝ። ከባንክ፣ ከመሥሪያ ቤታችን ቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ከሁለት ወዳጆቼና ከአንድ አራጣ አበዳሪ ተበድሬያለሁ። አንዱን ለመዝጋት ሌላውን እየተበደርኩ እዚህ ደረስኩ፤ አሁን ደሞዜ እጄ ሳይገባ ያልቃል። ባለቤቴ የምታውቀው የባንኩን ብቻ ነው። ከወዳጆቼ አንዱ አብሮኝ የሚያስቀድስ ሰው ስለሆነ ዓይኑን ላለማየት ብዬ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቻለሁ። ስልክ ሲጠራ ልቤ ይመታል፤ አንዳንዴም አጠፋዋለሁ። አንዳንድ ማታ «ምናለ ባይነጋ» እላለሁ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሱባዔ ልግባ? ዕዳዬ ከተከፈለልኝ ብዬ ስለት ተስያለሁ፤ ልክ ነኝ? ዐሥራትስ ላውጣ ወይስ ዕዳውን እስክጨርስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ገንዘቡ ከማውራታችን በፊት «ምናለ ባይነጋ» ያልካት ነገር አላለፈችኝም። ከዕዳው ሁሉ እሷ ከብዳብኛለች። ይህ ሐሳብ ሲመላለስብህ ለብቻህ አትደር። ዛሬውኑ ለባለቤትህ፣ ለንስሐ አባትህ ወይም ለምታምነው ሰው ንገር፤ ራስህን እስከ መጉዳት የሚገፋህ ከሆነ ደግሞ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ጋ ሂድ። ሐኪም ጋ መሄድ የእምነት ማነስ አይደለም። ዕዳህ የቱንም ያህል ቢሆን በነፍስህ የሚከፈል አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። መበደር በራሱ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ሕጉ ለድሃ ወንድምህ አበድረው ብሎ ባላዘዘ (ዘዳ. 15፥8)፣ ጌታም ሊበደር ከሚፈልግ ሰው ፈቀቅ እንዳንል ባልነገረን ነበር (ማቴ. 5፥42)። መዝሙረኛው የሚወቅሰው ተበድሮ የማይከፍለውን ነው (መዝ. 36፥21)። አንተ ለመክፈል እየተፍጨረጨርክ ነው። ግን ላባብልህ አልፈልግም፤ ስልክ ማጥፋቱ፣ «ሰኞ እሰጥሃለሁ» ብሎ ሰኞ መሰወሩ፣ ከሚስት መደበቁ ንስሐ የሚያስፈልገው ነገር ነው። ሰው «ተበደርኩ» ብሎ ሲያዝን አያለሁ፣ «ዋሸሁ» ብሎ የሚያዝን ግን ብዙም አይገጥመኝም።

ሱባዔ መልካም ነው። አንተ ባሰብከው መንገድ ግን አልመክርህም። ፈቃዱ ያለ ክፍያ ከሆነ ያለችህን ገቢ ልትቀንስ ነው። ከዚያ ደግሞ እውነቱን እንነጋገርና፣ ልትገባ ያሰብከው ወደ እግዚአብሔር ለመቅረብ ነው ወይስ ከአበዳሪዎችህ ለመሸሽ? ጸሎት መሸሸጊያ ሲሆን እኔ ደስ አይለኝም።

በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ላይ ያለችውን መበለት አስባት። ባሏ ሞቷል፣ ዕዳው ግን አልሞተም፤ አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጥቷል። ወደ ኤልሳዕ ጮኸች። እሱም በቤትሽ ምን አለ ብሎ ጠየቃት። አንድ ማሰሮ ዘይት ብቻ ነው ያላት። ከጎረቤት ባዶ ዕቃ ለቃቅማ፣ በሯን በራሷና በልጆቿ ላይ ዘግታ፣ ልጆቹ እያቀረቡላት እሷ እየቀዳች ዕቃው ሁሉ ሞላ። እስኪ ልብ በል፤ እዚህ ታሪክ ላይ ዕዳው አልተሰረዘም፣ አበዳሪውም ልቡ ራርቶ ተወው አልተባለም። ነቢዩ ዘይቱን ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈዪ፣ በተረፈው አንቺና ልጆችሽ ኑሩ ነው ያላት። ተአምር ከተደረገላት በኋላም ወጥታ መሸጥ፣ አበዳሪው ፊት ቆማ ቆጥራ መስጠት ነበረባት። እኛ ብዙ ጊዜ የምንጸልየው ያቺ የመጨረሻዋ ክፍል እንድትቀርልን ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ከባለቤትህ ጋር ቁጭ በል። አዎ፣ ከሷ ጋር። ትቆጣ ይሆናል፣ ታለቅስም ይሆናል፤ ችለህ ስማት። «አንቺን እንዳላስጨንቅ ብዬ ነው» የምትለዋን ነገር ግን ተዋት፣ ከዚያ የባሰ የሚያናድዳት የለም። አበዳሪ በር አንኳኩቶ ከሚነግራት ካንተ ትስማው።

ከዚያ ወረቀት አምጡ። ለእያንዳንዱ ብድር ማን እንዳበደረህ፣ ዋናው ስንት እንደቀረ፣ ወለዱ በወር ይሁን በዓመት፣ የሚከፈልበትን ቀን፣ መያዣው ምን እንደሆነ፣ ዋሱ ማን እንደሆነ ጻፍ። በግምት አትጻፍ፤ ውሎቹን አውጣ፣ ከባንኩም የሒሳብ መግለጫ ጠይቅ። «ዋስ» የሚለው ላይ አስምርበት። አንተ መክፈል ስታቆም የሚያዘው እሱ ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚሰማው ከረፈደ በኋላ ነው። በመጨረሻ ደምሩት። ድምሩ ያስደነግጥህ ይሆናል፤ ግን ቁጥር ነው፣ ቁጥር ደግሞ ለወራት ይካፈላል።

ከዛሬ ጀምሮ ብድር ለመክፈል ብድር የለም። «በውርርድ አገኘዋለሁ» የሚል ሐሳብም ካለ እዚያው ቅበረው።

ከደሞዝህ ላይ የቤት ኪራይ፣ ቀለብ፣ የልጆች ትምህርት፣ መድኃኒትና መጓጓዣ ቀንስ። ለአበዳሪዎች የሚከፋፈለው የሚቀረው ነው፣ ሌላ ገንዘብ የለህም። ያነሰ ከሆነ የሚሸጥ ነገር ፈልጉ። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ሊበደር ለሚያስብ ሰው ሲያስተምር የነሐስ ዕቃህን፣ ልብስህን፣ የጭነት ከብትህን ሽጥ፣ ሁሉም ይሂድ፣ ነፃነትህ ብቻ አይሂድ ብሎ ነበር። ከተበደሩ በኋላም ምክሩ ይሠራል። አንድ ነገር ግን አትንካ፤ የምትሠራበትን መሣሪያ። ኦሪት ወፍጮና መጁን በመያዣነት መውሰድ የከለከለችው የሰውየው ነፍስ እዚያ ላይ ስላለች ነው (ዘዳ. 24፥6)። እንጀራህን የምታገኝበትን ሸጠህ ዕዳ ብትከፍል በሚቀጥለው ወር ተመልሰህ ተበዳሪ ነህ።

ቀጥሎ ሂድ። ምሳሌ 6 ላይ ለሰው ዋስ ሆኖ በቃሉ የተያዘ ሰው ምን ያድርግ ሲባል፣ ለዓይኑ እንቅልፍ ሳይሰጥ ፈጥኖ ሄዶ ባልንጀራውን ይለምን ነው የተባለው። አንተም እስኪመጡብህ አትጠብቅ። ባንክ የሚሄዱት ክፍያ ሳያስተጓጉሉ በፊት ነው። የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘምና ወርሃዊው ክፍያ እንዲቀንስልህ በጽሑፍ ጠይቅ፤ ጊዜው ሲራዘም ጠቅላላው ወለድ እንደሚጨምር ግን አስልተህ ግባበት። ማኅበሩም ጋ እንደዚያው።

አብሮህ ለሚያስቀድሰው ወዳጅህ ነገ ደውል። ካልቻልክ ጻፍለት፤ «ወንድሜ፣ ስሸሽህ ከርሜያለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ሁሉንም አሁን መክፈል አልችልም። ከሚመጣው ወር ጀምሮ ደሞዝ በወጣ ማግስት ይህን ያህል እሰጥሃለሁ፤ ካልተመቸህ ንገረኝና እንነጋገር።» በቃ። ታሪክ አታብዛ። መጠኑ ላይ ግን ይሉኝታ ይዞህ ከአቅምህ በላይ እንዳትጠራ፤ በትንሹ ጀምረህ ሳታቋርጥ መክፈል ይሻላል። መባ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ ሄዶ ከወንድሙ ይታረቅ ተብሏልና (ማቴ. 5፥23-24) ከዚያ በኋላ እሁድ ቅዳሴ ና። ዳዊት በዓዶላም ዋሻ ሳለ ወደ እሱ ከተሰበሰቡት 400 ያህል ሰዎች መካከል ብድር ያለባቸውም ነበሩ (1ኛ ሳሙ. 22፥2)። ከጎንህ ቆሞ የሚያስቀድሰው ስንት እንዳለበት ምን ታውቃለህ?

ማንን ላስቀድም ትል ይሆናል። እንደማየው ከሆነ ሰው የሚከፍለው ለሚጮህበት ነው፤ ዝም ያለው ወዳጅ ይረሳል። ያ ደግ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላም «እንደምን አደርክ» ከማለት ውጪ ቃል አይተነፍስም፣ ልቡ ግን አዝኗል። ስለዚህ ለወለድ አልባዎቹም በየወሩ ትንሽም ቢሆን ይድረሳቸው፤ ቤት የተያዘበትና ዋስ ያለበት እንዳይቋረጥ፤ ከዚያ የተረፈች ሁሉ ወደ አራጣው ትሂድ።

አራጣው እሳት ነው። በወር 10 በመቶ ከሆነ በ10 ወር ወለዱ ብቻ ዋናውን ያክላል፣ ዋናው ደግሞ አልተነካም። ነህምያ በምዕራፍ 5 ላይ የተቆጣበት ወለድ ከመቶ አንድ እጅ ነበር፤ ብዙዎች በወር የሚከፈል ነው ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ325 የተደረገው የኒቅያ ጉባኤም በ17ኛው ቀኖናው አራጣ የሚቀበል ካህን ከክህነቱ ይሻር ብሏል። ይህን የምነግርህ «እሱም ኃጢአተኛ ነው» ብለህ ዋናውን እንድትክድ አይደለም። የወሰድከውን ትመልሳለህ። ነገር ግን ባዶ ወረቀት ወይም ባዶ ቼክ ላይ አትፈርም፣ ለከፈልካት ሁሉ ደረሰኝ ወይም ፊርማ ተቀበል፣ ለብቻህም አትገናኘው። በብዙ አገር አራጣ በሕግ ያስጠይቃል፤ ካስፈራራህ የሕግ ባለሙያ አማክርና ለፖሊስ አመልክት።

ስለቱ ላይ ቸኩለሃል። ዕዳ ላይ ሌላ ዕዳ ነው የጨመርከው። መክብብ 5፥5 ተስሎ ከማስቀረት አለመሳል ይሻላል ይላል። አሁን ግን ከአፍህ ወጥቷልና በራስህ ሥልጣን አትሰርዘው፤ ወረቀቱ ላይ እሱንም ጻፍ፣ ንስሐ አባትህም ይምሩህ።

ዐሥራት ከምታገኘው ላይ የሚወጣ ነው፤ ለዐሥራት ብለህ አትበደር። በዐሥራት አሳብበህም የሰው ገንዘብ አታስቀር፤ ጌታ «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው፣ እያሉ ለአባትና ለእናት የሚገባውን የሚያስቀሩትን ወቅሷቸዋል (ማር. 7፥11)። «ይህን ያህል ስጥ፣ ዕዳህ በሦስት ቀን ይሰረዛል» የሚልህ ሰው ካጋጠመህ ደግሞ ያኔ ስልክህን ማጥፋት ትችላለህ፣ ፈቅጄልሃለሁ። አሁን ስንት ታወጣለህ የሚለውን እኔ ከዚህ ሆኜ ልወስንልህ አልችልም፤ ገቢና ወጪህን ዓይተው የሚመክሩህ ንስሐ አባትህ ናቸው። እሳቸው ጋ ስትሄድ ወረቀቱን ይዘህ ሂድ፤ በቃልህ ከሆነ አንድ ሁለቱን መዝለልህ አይቀርም።