«ቲሲሴ ቻፕተር ፎር ላይ ቆሟል»፦ ለጅማዋ ተማሪ

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሌሎች አንባቢዎች ላሳጥረው። የአግሪካልቸራል ኢኮኖሚክስ የማስተርስ ተማሪ ነሽ። ጎማ ወረዳ ወርደሽ ከ180 ቡና አምራቾች መጠይቅ ሰብስበሻል። ዳታው ኮምፒውተር ላይ ከገባ አምስት ወር ሆኖታል፤ የጥናቱ ውጤት የሚጻፍበት ቻፕተር ፎር ግን አልተጀመረም። «ማታ ማታ ላፕቶፑን እከፍታለሁ፣ የሽፋኑን ፎንት እቀይራለሁ፣ እዘጋለሁ» ብለሻል። አድቫይዘርሽ በቴሌግራም የላኩልሽን መልእክት ሁለቱ ራይት እንዳይታይባቸው ብለሽ ከኖቲፊኬሽኑ ላይ ብቻ አንብበሽ ትተሽዋል። አሁን ደግሞ የሥራ ማስታወቂያ አይተሻል። «ሥራ ልያዝና በጎን ብጨርሰው አይሻልም? ወይስ ሰነፍ ሆኜ ነው?» ነው ጥያቄሽ።

ከመጨረሻው ልጀምር። ሰነፍ ሰው በዚያ ጭቃ 180 ቤት አያንኳኳም። ፈርተሽ ነው። ሽፋኑ ላይ የሚጠይቅሽ ሰው የለም። ቻፕተር ፎር ላይ ግን «ይሄን የስታቲስቲክስ ቴስት ለምን መረጥሽ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቅሻል፤ መልሱ ደግሞ ገና እጅሽ አልገባም። ላፕቶፑን ስትዘጊው ፍርሃቱ ለዚያች ሌሊት ቀለል ይልሻል። ያቺ እፎይታ ናት ያስለመደችሽ። ችግሩ የጊዜ አጠቃቀም ቢሆን ኖሮ ፕሮግራም አውጥተሽ ትገላገዪው ነበር። ፕሮግራም እንዳወጣሽ ደግሞ አልጠራጠርም፤ ያውም በባለ ቀለም እስክሪብቶ።

እኔም ጅማ እያለሁ ከአድቫይዘሬ አራት ወር ተደብቄያለሁ። ካፌ ውስጥ ካየኋቸው በሌላው በር እወጣ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። (የጅማ ዝናብ መቼ ያስጠነቅቃል!) መርካቶ አካባቢ ያገኘሁት ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ስገባ እሳቸው ቁጭ ብለዋል። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይሄ ነው። ከጃኬቴ የሚወርደው ውሃ ጉልበታቸው ላይ ይንጠባጠባል። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «ስንት ገጽ አለህ?» አሉኝ። «አሥራ አንድ፣ ግን ገና አልተስተካከለም» አልኩ። «አንተው አስተካክለህ ከጨረስከው እኔ ምን ልሠራ ነው? ዛሬ ማታ ላክልኝ» አሉና የሁለታችንንም ሒሳብ ከፍለው ወረዱ። ላክሁ። ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ ሆኖ ተመለሰ። ያን ቀይ ሳይ ነው ምን መሥራት እንዳለብኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ መልእክቱን ክፈቺው። ረጅም ይቅርታ አትጻፊ፣ የታመመ ዘመድም አትፍጠሪ። «ዶክተር፣ ስለጠፋሁ ይቅርታ። ቻፕተር ፎር ላይ ተቸግሬያለሁ። ሐሙስ ሁለት ሠንጠረዥና አንድ ገጽ ጽሑፍ እልክልዎታለሁ።» በቃ። «በቅርቡ» እንዳትዪ፤ ሐሙስ በዪ።

ሁለቱ ሠንጠረዥ ከየት ይመጣል? መጠይቁን የሞሉልሽን ገበሬዎች አስታውሺ። ቡና በአንድ ቀን አይቀላም። ጥሩ ለቃሚ ቀዩን ለቅሞ አረንጓዴውን እዚያው ይተወዋል፤ ሲደርስ ወደዚያው ዛፍ ይመለሳል። አንቺ ግን ቻፕተሩን በአንድ ሌሊት ልታራግፊው ነው የምትሞክሪው። ቀዩን ብቻ ልቀሚ። የመላሾቹ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የመሬት ስፋት። ፍሪኩዌንሲና ፐርሰንት ነው፤ ስንት ሰው፣ ከመቶ ስንት፣ ሌላ ነገር የለውም። ከእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ሥር ሦስት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ሪግሬሽኑ፣ ማለትም የትኛው ነገር ከየትኛው ጋር እንደሚያያዝ የሚፈተሽበት ስሌት፣ አረንጓዴ ነው፣ ለጊዜው ተዪው። እንግሊዝኛው እምቢ ካለሽ መጀመሪያ ሠንጠረዡ የሚለውን ለእናትሽ እንደምትነግሪያቸው አድርገሽ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ጻፊው። በኋላ ትመልሺዋለሽ። ብዙ ሰው ሪሰርቹ የከበደው ይመስለዋል እንጂ የሚያስቆመው ባዶ ገጽ ላይ በሰው ቋንቋ ማሰብ ነው።

ስለ ሰዓት ብዙ አልልሽም። ፖሞዶሮ የሚሉትን ሰምተሽ ይሆናል። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ ተማሪ እያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በቲማቲም ቅርጽ በተሠራ የወጥ ቤት ሰዓት የጀመረው ነው። 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት። ጅማ ቢወለድ ኖሮ ቲማቲም ምን ያደርግለት ነበር? የመጀመሪያውን 25 ደቂቃ አቦል በዪው፣ ሁለተኛውን ቶና፣ ሦስተኛውን በረካ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። ከበረካ በኋላ ዝጊና ተኚ፤ ሞቅ ቢልሽም ዝጊ። የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ግማሹን ጽፈሽ ብትተዪው ደግሞ ነገ ከየት ልጀምር አትዪም።

ያለፉትን አምስት ወራት እየቆጠርሽ ራስሽን መውቀስ አቁሚ። ለምክር ያህል ብቻ አይደለም የምልሽ። ካናዳ ውስጥ በካርልተን ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አለ። ለመጀመሪያው ፈተና ማጥናቱን ሲያዘገዩ ከቆዩት መካከል ለራሳቸው ይቅርታ ያደረጉት ለቀጣዩ ፈተና ያዘገዩት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ራስን መስደብ ያን ገጽ ይበልጥ አስፈሪ ያደርገዋል፤ የፈሩትን ደግሞ መሸሽ ነው።

ወደ ሥራው እንምጣ። ማስታወቂያው የመጀመሪያ ዲግሪ የሚጠይቅ ከሆነ ዛሬውኑ አመልክቺ። ማስተርስ ከሆነ ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) አምጪ ማለታቸው አይቀርም። ሲቪሽ ላይ «ማስተርስ፣ ቲሲስ በመጻፍ ላይ» ብለሽ እውነቱን አስፍሪ። ከሥሩ 180 አባወራዎችን ቃለ መጠይቅ አድርገሽ ዳታውን ራስሽ እንዳስገባሽ ጻፊ። እሱ ራሱ ሙያ ነው፣ ደብዳቤሽ ላይ ግን አንዴም አልጠቀስሽውም። «መቼ ትጨርሻለሽ?» ብለው ከጠየቁሽ የወር ስም ጥሪ።

«በጎን እጨርሰዋለሁ» የምትለውን ግን አላምናትም። በጎን የተባለ ቲሲስ በጎኑ እንደተኛ ሲቀር ብዙ አይቻለሁ። አዲስ ሥራ የመጀመሪያዎቹን ወራት ሙሉ ሰውሽን ይፈልጋል። ብትቀጠሪ እንኳ ከመግባትሽ በፊት የቻፕተር ፎር ረቂቅ አድቫይዘርሽ እጅ ላይ ይሁን። ከዚያ በኋላ ኮሜንት ማስተካከል ነው፣ እሱ ቅዳሜና እሑድ ይሠራል።

ሐሙስ ማታ ስንት ገጽ እንደላክሽ ጻፊልኝ። ቁጥሩ ብቻ ይበቃኛል።